ያኮረፉት ሁለት ማዕዘኖች

ተረት ላዙርላችሁ ነው፤ “አዙሪው” በሉኝ። ጠበቅ አድርጋችሁ በሉት፤ በድሬዳዋ ሙቀት ቀስ ብሎ የተጠራ ተረት መንገድ ላይ ይተኛል። እህ፣ እንዲያ ነው። በሉ ስሙኝ።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሒክመት የምትባል። የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር። መዳፍ በሚያክል ባለቀለም ኩብ ላይ ሁለት ማዕዘኖች ፊታቸውን እንዲመልሱላት ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ትንሽ ነገር ግን ብቻዋን አትመጣም፤ ምን ጎትታ እንደምትመጣ ታያላችሁ።

ኩቡ የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለና የሒክመት ቤተሰብ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛም፤ እትዬ እንላለን፣ አንቺም እንላለን፣ ማንም አይቀየምም። እንግዲህ እትዬ አስካለ ሳሎኗ ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ አላት። ቡፌ ታውቃላችሁ፤ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆና ማንም የማይበላበት ሳህን የሚኖርበት ቤት ነው። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ነጭ ዳንቴል ላይ፣ ኩቡ ብቻውን ተቀምጧል። አንዱ ጎኑ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ እንዲያ እያለ ስድስቱም ጎን ጥርት ብሎ የየራሱን ቀለም ይዟል።

ያንን ያስቀመጠላት አንድያ ልጇ ምንተስኖት ነው፤ እኛ ምንቴ ነበር የምንለው። አንድ ቀን ከደጅ ይዞት ገባና “ለቤትሽ ጌጥ ይሁንሽ” ብሎ በገዛ እጁ ዳንቴሉ ላይ አኖረው። ብዙም ሳይቆይ ታመመ፣ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጌጡን ማንም ነክቶት አያውቅም። እትዬ አስካለ እንኳ መስታወቱን ከውጭ ትወለውላለች እንጂ እጇን አታስገባም፤ የልጇ እጅ ካኖረበት ቦታ ንቅንቅ እንዲል አትፈልግም።

ጉዱን ደግሞ ስሙ። እትዬ አስካለ ያ ጌጥ እንደሚዞር አታውቅም። የቡፌ ዕቃ ነዋ፤ የቡፌ ዕቃ ይታያል እንጂ ማን ይነካዋል? ለቅሶ ሊደርስ የመጣው፣ በዓል ሊጠይቅ የመጣው፣ ሰፈርተኛው በሙሉ “እንዴት ያምራል” እያለ አይቶት ሄዷል። ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

እትዬ አስካለ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ሄደች፤ ከዚያ እህቷ ዘንድ ሒርና ሰነበተች። አበባዋን እንድታጠጣ፣ አቧራዋን እንድትጠርግ ቁልፏን ለሒክመት ሰጠቻት። ሒክመት ጠረገች፣ አጠጣች፣ እሰየው ነው። አንድ ቀን ግን ጉንዳን ከመስታወቱ ጀርባ ተሰልፎ አየች። ቡፌውን ከፈተች፤ ዳንቴሉን ልታራግፍ ኩቡን አነሳች፤ ኩቡ እጇ ላይ ቀጭ አለና ዞረ።

ሰበርኩት ብላ ልቧ ቀጥ አለ። ልትመልሰው ብትጠመዝዘው ሌላ ጎን ዞረ፤ ያንን ልትመልስ ስትል ሌላው። ወዲያው ነጩ ከቀዩ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ተቀላቅሎ የገበያ ቀን መሰለ። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የምንቴን እጅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች። ግን አልዋሻችሁም፣ ከልቅሶው ሥር መደነቅም ነበረባት። ድንጋይ መስሎ የኖረ ነገር ለካ መገጣጠሚያ አለው! ይዞራል፣ ሲዞር ደግሞ አይፈርስም። እያለቀሰች በአንድ ዓይኗ ውስጡን ልታይ ትሞክር ነበር።

ሮጣ ወደ ሰይፉ ሄደች። ሰይፉ የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ከምንቴ ጋር አብሮ ያደገ። ኩቡን እጇ ላይ ሲያየው ፊቱን ዞር አደረገ፣ ቆይቶ ወደ እሷ መለሰ። ይህንን ኩብ እሱና ምንቴ ትምህርት ቤት በር ላይ እየተቀባበሉ ነው ያዞሩት። ሥራልኝ ስትለው እምቢ አላት፤ ያበላሸ እጅ ራሱ ያቃና ብሎ ሊያስተምራት ተቀመጠ። እንደ ቤት ነው የሚሠራው አላት። መጀመሪያ ወለሉ፣ እሱም ነጩ ነው። ቀጥሎ ግድግዳው። መጨረሻ ጣሪያው፣ እሱ ቢጫው ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አሳያት። ግድግዳውን ለመሥራት ወለሉ ይፈርሳል፤ ግድግዳው ሲቆም ወለሉ ራሱ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል። ሒክመት ይህን ባየች ቁጥር አፏን በእጇ ትይዝ ነበር፤ እኔም ባየው እይዛለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ወለሉን ሠራች፣ ግድግዳውን አቆመች፣ ጣሪያውንም አለበሰች። የቀሯት ሁለት የጣሪያ ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። ቦታቸው ላይ አሉ፣ ግን ቢጫ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረዋል፤ እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች። የመጨረሻው ትምህርት የእነሱ ማስታረቂያ ነው፣ እሱን ሰይፉ ገና አላሳያትም። የዚያኑ ቀን ስልክ ተደወለ። እትዬ አስካለ ተነስታለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ትደርሳለች፤ ሰይፉ ሄዶ ያመጣታል። አሁን ነው ተረቱ የሚዞረው፣ ወገባችሁን ያዙ።

ሒክመት ወዲህ አዞረች፣ ወዲያ አዞረች። አንዱን ስታባብል ወለሉ ይፈርስባታል፤ ደንግጣ ትመልሰዋለች። ማዕዘኖቹ አልታረቅ አሉ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት። ኩቡን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ሰይፉ ሮጠች።

ሰይፉ ባጃጁን ጠባቧ ቅያስ ውስጥ አቁሞ ነበር፤ ከኋላው ግንብ ነው። ከፊት ለፊቱ፣ የቅያሷ አፍ ላይ፣ አህያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ ተኝቷል። ሰይፉ ጥሩምባ ይነፋል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ሰዓቱን ያያል። አሁን አላሳይም አላት፤ ልቤ መንገድ ላይ ሆኖ አንዲት ዙር ብስት ቤቱን በሙሉ ነው የማፈርስብሽ አለ። አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት።

የአህያው ባለቤት የት ሄደ አትሉም? የጫነበትን ጡብ አራግፎ ጫቱን ይዞ በርጫ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት በርጫ ላይ ያለ የድሬ ሰው ቤትህ ተቃጠለ ቢሉት “ቆይ” ነው የሚለው። ሒክመት አህያውን ገፋች፣ ጎተተች፣ በጆሮው ለመነችው። አህያው ጆሮውን ነቀነቀ እንጂ አልነሳ አለ። ይህ አህያ በሐብሐብ ልጣጭ ካልሆነ በምንም እንደማይነሳ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ልጣጭ ከሌለ አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት።

ወደ አዴ ሞሚና ሄደች። አዴ ሞሚና መንገዱ ጥግ ላይ ፍራፍሬ ትሸጣለች፤ ትልቅ ሐብሐብ ከፊቷ አስቀምጣ በካርቶን ታራግባለች። ሒክመት ልጣጭ ስጪኝ አለቻት። አዴ ሞሚና ሐብሐቡን አልቆርጥ አለች። የትናንቱ ነፋስ ጃንጥላዬን ቀዶታል፤ በዚህ ፀሐይ የተቆረጠ ሐብሐብ ሾርባ ነው የሚሆነው አለች፤ ጃንጥላውም ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ጃንጥላ ከሌለ አዴ ሞሚና አትቆርጥ፤ አዴ ሞሚና ካልቆረጠች አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት።

ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሽ ደርቤ ሄደች። ጋሽ ደርቤ ጃንጥላውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁጭ ብሏል፣ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። ወደ እግሩ ጠቆማት። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተኝታለች። የታቀፈች እናት አላስነሳም አለ ጋሽ ደርቤ። በእጅህ ስፋው ብትለው ጊዜ ደግሞ ተቆጣ፤ በእጅማ ማንም ይሰፋል፣ እኔ ባለመኪና ነኝ አላት። ዶሮዋ ካልተነሳች ጋሽ ደርቤ አይሰፋ፤ ጋሽ ደርቤ ካልሰፋ አዴ ሞሚና አትቆርጥ፤ አዴ ሞሚና ካልቆረጠች አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት።

ሒክመት ተንበርክካ ዶሮዋን ለመነቻት። ዶሮዋ ላባዋን ነፋች፣ እጅ ሲቀርባት በአፏ ወጋች። ምን አጠፋች? ሣጥን ነበራት፤ ጭድ የተነጠፈበት የራሷ ሣጥን። ፀጉር አስተካካዩ ነስሩ ነው የወሰደባት፤ የሕፃናት መቀመጫው ጣውላ ሲሰነጠቅበት ሣጥኗን ወንበሩ ላይ ደረበው። ዶሮዋም ጥላና ጸጥታ ፍለጋ ጋሽ ደርቤ እግር ሥር ገባች። ሣጥኗ ካልተመለሰ ዶሮዋ አትነሳ፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ጋሽ ደርቤ አይሰፋ፤ ጋሽ ደርቤ ካልሰፋ አዴ ሞሚና አትቆርጥ፤ አዴ ሞሚና ካልቆረጠች አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት። ትንፋሽ ልውሰድ፤ እናንተም ውሰዱ፣ ገና አልጨረስኩም።

ወደ ነስሩ ሮጠች። ነስሩ ቶንዶሱን ይዞ ቆሟል። ሣጥኑ ላይ ኦብሳ የሚባል ሕፃን ተቀምጧል፤ ራሱ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ጫካ ነው። ኦብሳ ማለት በኦሮምኛ ትዕግሥት ማለት ነው፤ ስም ያወጡለት ሳያለቅስ ተኝቶ ሳለ መሆን አለበት። ቶንዶሱ በቀረበ ቁጥር ይጮሃል፣ ይወራጫል፣ ነስሩን በእግሩ ይማታል። ነስሩ ሣጥኑን አልሰጥ አለ፤ ልጅን በግማሽ ራስ ለእናቱ ብመልስ በዚህ ሰፈር ማን ራሱን ይሰጠኛል አለ።

ኦብሳ አልላጭ አለ። ኦብሳ ካልተላጨ ነስሩ ሣጥን አይሰጥ፤ ነስሩ ሣጥን ካልሰጠ ዶሮዋ አትነሳ፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ጋሽ ደርቤ አይሰፋ፤ ጋሽ ደርቤ ካልሰፋ አዴ ሞሚና አትቆርጥ፤ አዴ ሞሚና ካልቆረጠች አህያው አይነሳ፤ አህያው ካልተነሳ ሰይፉ አያሳይ፤ ሰይፉ ካላሳየ ማዕዘኖቹ አይታረቁ፤ እትዬ አስካለም መንገድ ላይ ናት።

ሒክመት ኦብሳን አባበለችው። ከረሜላ ሰጠችው፣ ተፋው። ዘፈነችለት፣ ባሰበት። ጎንበስ ስትልለት ሻርፗ ተንሸራተተና ኩቡ ብቅ አለ። ኦብሳ ጩኸቱን አቋረጠ። ትንሿን ጣቱን ዘረጋ።

“እሱን” አለ።

ሒክመት ኩቡን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ኦብሳ ወዲያው ጩኸቱን ካቆመበት ቀጠለ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ብትሰጠው ያዞረዋል። ካዞረው ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጣሪያውም ይሄዳል፤ ስንት ቀን የለፋችበት ቤት ይፈርሳል፣ ሁለት ማዕዘን ሲቀራት። ባትሰጠው ደግሞ ከኦብሳ እስከ አህያው ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። ከዚያ ሰጠችው።

ኦብሳ ኩቡን በሁለት እጁ ያዘው። ቀጭ አደረገው። አፉን ከፍቶ ቀረ። ሌላውን ጎን ቀጭ አደረገው፣ ቀዩ ሲሄድ አረንጓዴው ሲመጣ አየ፤ ትንፋሹ ሁሉ የተቋረጠ መሰለ። ያንን የሚያህል ጩኸታም ልጅ እንደ ጠበል ዕቃ ተቀመጠ። ነስሩ ቶንዶሱን ቀስ አድርጎ አስጠጋ፤ ኦብሳ አላወቀም። ነስሩ ላጨው፣ አንገቱን ጠረገው፣ ኦብሳ አሁንም ያዞራል። ያ ኩብ ሕፃኑንም አልማረው።

በሉ ያዙ፣ ሊመለስ ነው! ኦብሳ ተላጨ፤ ኦብሳ ሲላጭ ነስሩ ሣጥኑን ሰጠ። ሒክመት ሣጥኑን በአንድ እጇ፣ ኩቡን በሌላ እጇ ይዛ ሮጠች። ኩቡ ላይ አንድ ቀለም እንኳ ከወንድሙ ጋር አልተቀመጠም። አላለቀሰችም፣ ጊዜ የላትም። ጭዱን አነጠፉ፣ ሣጥኑን ፔዳሉ አጠገብ አኖሩ፣ ዶሮዋ አንገቷን አስግጋ አየችና ተነሳች። ጋሽ ደርቤ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ሲያዛውርላት ሒክመት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ሠራች፤ ነጩ ሁሉ አንድ ላይ መጣ።

ዶሮዋ ተነሳች፤ ዶሮዋ ስትነሳ ጋሽ ደርቤ ሰፋ። መኪናው ሲንጣጣ ሒክመት ግድግዳውን ጀመረች። ጋሽ ደርቤ ቀና ብሎ አያትና እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ይህቺ ልጅ አሁን ያፈረሰችውን ወለል ከየት አመጣችው ብሎ ጠየቀ። ሒክመት አልሰማችውም። ጋሽ ደርቤ ሲሰፋ፣ ጃንጥላው ሲዘረጋ፣ አዴ ሞሚና ሐብሐቡን ቆረጠች። ከጃንጥላው ሥር ሒክመት ግድግዳውን ጨረሰች። አዴ ሞሚና ቢላዋውን አስቀምጣ ሱብሐነላህ አለች፤ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም አለች፤ ልጣጩን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

አዴ ሞሚና ቆረጠች፤ አዴ ሞሚና ስትቆርጥ አህያው አሸተተ፤ አህያው ሲያሸት ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ ጌታ ነው ሲነሳ። እሱ ልጣጩን ሲያኝክ ሒክመት ጣሪያውን አለበሰች። ማዕዘኖቹንም ቦታ ቦታቸው አስያዘች። ታዲያ ምን ቀራት? ሁለት ማዕዘን። እነዚያው ናቸው ልላችሁ አልችልም፣ ግን ሁለት ናቸው፣ አኩርፈዋል።

“ግቢ” አላት ሰይፉ፤ ባጃጁን አስነስቶ ነበር። “እየሄድን ነው የማሳይሽ።”

ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ ይዘላል፣ ሒክመት ከኋላ ኩቡን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛለች። ሰይፉ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይነግራታል። ጣሪያውን ከላይ ያዢ አላት። አንደኛውን ያኮረፈ ማዕዘን ወደ ቀኝ እጅሽ አምጪ። ቀኙን አውርጂ፤ ወለሉን ወደ ግራ፤ ቀኙን አውጪ፤ ወለሉን ወደ ቀኝ። ቢጫው ወደ ላይ እስኪያይ ድረስ ደጋግሚ። አወረደች፣ ወደ ግራ፣ አወጣች፣ ወደ ቀኝ። አወረደች፣ ወደ ግራ፣ አወጣች፣ ወደ ቀኝ። ማዕዘኑ ቢጫ ፊቱን ወደ ሰማይ መለሰ። ነገር ግን ወለሉ ተበትኗል፣ ግድግዳው ተናግቷል።

“ፈረሰ እኮ” አለች።

“ይፈርሳል። ለመመለስ አትሞክሪ፤ እዚህ ላይ የተመለሰ ሰው ነው የሚጠፋው። ጣሪያውን ብቻ አዙረሽ ሁለተኛውን አምጪ። አንዱ ያፈረሰውን የሚሠራው ሌላው ነው።”

ይህን ሲላት ባጃጁ መናኸሪያው በር ላይ ቆመ። እትዬ አስካለ እዚያው ናት፤ ሻንጣዋን ከእግሯ ሥር አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። ፈገግ ብላ ወደ ሒክመት ስትመጣ ዓይኗ እጇ ላይ ወደቀ። ፈገግታዋ ጠፋ። ቀለሙ ሁሉ የተተራመሰ ቢሆንም አወቀችው፤ እናት ናት።

“ይሄ የምንቴ አይደለም?” አለች።

ሒክመት መልስ መስጠት ፈለገች፣ ይቅርታ ማለት ፈለገች፣ ኩቡን ጥላ መሮጥም አማራት። ካቆመች ግን ዙሩ ይጠፋባታል። “እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ” ብቻ አለች። ጣሪያውን አዞረች፣ ሁለተኛውን ማዕዘን አመጣች። አወረደች፣ ወደ ግራ፣ አወጣች፣ ወደ ቀኝ። ረዳቶቹ ሐረር ሐረር እያሉ ይጮሃሉ፣ ሰው ሻንጣ ይዞ ይጋፋል። አወረደች፣ ወደ ግራ፣ አወጣች፣ ወደ ቀኝ። ምንም አልተስተካከለም። እንደገና አወረደች። ሰይፉ ከንፈሩን ነክሷል። ወደ ግራ፣ አወጣች፣ ወደ ቀኝ። እንደገና። የዚያን ጊዜ ማዕዘኑ ታረቀ። ማዕዘኑ ሲታረቅ ወለሉ ተመለሰ፤ ወለሉ ሲመለስ ግድግዳው ቆመ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ የጠራው ሰው ያለ ይመስል፣ ወደየቤቱ ገባ። ሒክመት ጣሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ አዞረችው። ነጩ ነጭ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩ ቀይ ሆነ። እሷው ሠርታው እሷው አላመነችም።

እትዬ አስካለ ኩቡን ተቀበለቻት። አገላበጠችው፣ ስድስቱንም ጎን አየች። ሒክመት ያጠፋችውን በሙሉ ተናዘዘች፤ ጉንዳኑን፣ ቡፌውን፣ ቀጭ ያለውን፣ ኦብሳን ሁሉ። እትዬ አስካለ የምትሰማት አትመስልም። ወደ ሰይፉ ዞረች።

“ምንቴ ሲያመጣልኝ ከሱቅ እንዲህ ሆኖ የተገዛ አልነበረም?”

ሰይፉ እሷ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገና ገባው። ዝብርቅርቁ ወጥቶ ነው ያገኘነው አላት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስተወው እሱ አልተወውም፤ ስንት ጊዜ አፍርሶ ስንት ጊዜ ሠራው፤ ዘዴውን ለእኔም ያሳየኝ እሱ ነው። ሁሉም ጎን የገጠመለት ቀን አላዞረውም፣ ማንንም አላስነካም፤ ለእማዬ ነው ብሎ ሮጠ።

እትዬ አስካለ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። መናኸሪያው መሃል፣ ሰው እየዘለላት። እንባዋ መጣ፣ ፊቷ ግን የሚያለቅስ ሰው ፊት አልነበረም።

“ልጄ ከሞተ ወዲህ ስለሱ የሚነግሩኝ ሁሉ የማውቀውን ነው” አለች። “አዲስ ነገር ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።”

ከዚያ ምን እንዳደረገች ታምኑኛላችሁ? ጣቶቿን ከላዩ ላይ አሳረፈች፤ መስታወት ከውጭ ብቻ ሲወለውሉ የኖሩ ጣቶች ናቸው። ቀጭ አደረገችው። እትዬ አስካለ ሌላውን ጎን አዞረች፣ ሌላውንም፣ ሌላውንም፣ ቀለሙ ሁሉ እስኪተራመስ። ምንቴ ያገኘው ዓይነት እስኪሆን ድረስ አዞረችው። ከዚያ ሒክመትን እጇን ይዛ ሻንጣው ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

“ልጄ ከየት ነው የጀመረው?” አለቻት። “አሳዪኝ፤ እኔ ላዙረው።”

ሒክመት ነጩን አሳየቻት።

ተረቴን አዙሬ አዙሬ ቤቱ አስገባሁት፤ ጉሮሮዬ ደርቋልና በሉ ውሃ አቀብሉኝ።